ከቀኝ የሚጮኸው

ማርች 22፣ ቅዳሜ

የፒክአፑን ዘይት ቀየርኩ። የኋላ ጎማው አሁንም ትንሽ ትንሽ ይተነፍሳል። ኤፕሪልን ይሻገርልኝ እንጂ ሌላው አያሳስበኝም።

ቁርስ ሆይት ምግብ ቤት። ትኩስ ዳቦ በነጭ ስጎ፤ እንደ ወትሮው ጨው የበዛበት። ሆይት ግራዬ ጋ ተቀምጦ ሲያወራኝ ነበር ለካ… ትከሻዬን ነቅንቆ "ምነው ዘጋኸኝ? አምና ያመለጠህን ተርኪ ነው የምታስበው?" አለኝ። ያን ትልቅ የዱር ወፍ አምና እንደሳትኩት የማያውቅ የለም፤ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በጃንዋሪ የያዘኝ ጉንፋን ጆሮዬን እንደደፈነው ቀረ። አየሩ ሲሞቅ ይለቀኛል።

ከሰዓት የኤልዉድን ጠመንጃ አወጣሁ። ወልውዬ ዘይት ቀባሁት። ታናሽ ወንድሜ ኤልዉድ ከሞተ አራት ወር አለፈው። ሆስፒታል ተኝቶ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "አርዲትን 'ለከርሞ እወስድሻለሁ' እያልኩ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሸወድኳት። ሚስቴን አደን ውሰድልኝ ዴል። አንድ አውራ ተርኪ ትጣል።" እሺ አልኩት። እሺ ካልኩት በኋላ ሁለት ቀን ነው የቆየው።

የአደኑ ወቅት ኤፕሪል 21 ይከፈታል። አንድ ወር አለኝ። እስከዚያ ወፎቹ የት እንደሚያድሩ፣ ሲነጋ በየት እንደሚወርዱ ማወቅ አለብኝ። "እዚህ ተቀመጪ፣ በዚያ በኩል ይመጣል" ብዬ በእርግጠኝነት ልነግራት ይገባል። ይሄን እኔ ካልቻልኩ ማን ይችላል? ኤልዉድ ይጠራል፣ ዴልበርት ያገኛል… እንዲህ ነበር የምንባለው። በዚህ አገር ተርኪን በጆሮ የማገኝ እኔ ነኝ።

ማርች 25፣ ማክሰኞ

ሳይነጋ የጫካው መግቢያ የብረት በር ጋ ደረስኩ። ማንም አልቆመም። እሰየው። የሰው መኪና ቆሞ ካገኘህ ሌላ በር ፍለጋ መሄድ ነው። የመንግሥት ጫካ የሁሉም ነው፤ ጠዋቱ ግን ቀድሞ የደረሰው ሰው ነው።

በሸንተረሩ ላይ ወደ ሰሜን እስከ ሰባራው ዛፍ። በግራ ጅረቱ፣ ከጅረቱ በላይ ነጭ ቅርፊት ያላቸው ግዙፍ ዛፎች። አባቴ ልጅ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ተርኪዎቹ እነሱ ላይ ነው የሚያድሩት። በቀኝ ደግሞ የጭስ ማውጫው ሸለቆ፤ ከድሮ ቤት የድንጋይ ጭስ ማውጫ ብቻ የቀረበት። እዚያ ተርኪ አድሮ አያውቅም።

ሰማዩ ሲገረጣ እንደ ጉጉት ጮህኩ። ስምንት ድምፅ። አውራው በዚህ ወቅት ደሙ ይፈላል፤ ጉጉት ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም። ዛፉ ላይ እንዳለ ይመልስና ያለበትን ያሳብቃል።

መለሰ። ከቀኝ።

ከቀኝ? ደገምኩ። ደገመ። ከጭስ ማውጫው ሸለቆ።

ቦታ ቀይረዋል ማለት ነው… ለምን?

ማርች 27፣ ሐሙስ

ሸለቆው ውስጥ ገባሁ።

ቤቱ በነበረበት ቦታ ቢጫዎቹ አበቦች ፈክተዋል። አንዲት ሴት ከመቶ ዓመት በፊት በረንዳዋ ፊት በሁለት መስመር የተከለቻቸው ናቸው። ቤቱ የለም። በረንዳው የለም። መስመሮቹ ግን አልተዛነፉም። በመሃላቸው መራመድ ከበደኝ። ሳላንኳኳ ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈለግኩ። ኩስ የለም። ላባ የለም። ቅጠሉ አልተጫረም። እርጥቡ አሸዋ ላይ ከአጋዘን በቀር ዱካ የለም። አንድ ተርኪ እንኳ እዚህ አልረገጠም።

እዚያው ቆሜ እያለሁ ጮኸ። በቀኜ፣ ከጭስ ማውጫው ጀርባ። ቀስ ብዬ ወደ ድምፁ ዞርኩ፣ ፊት ለፊቴ እንዲሆን። እንደገና ጮኸ። አሁንም በቀኜ።

ዞርኩ። ዞረ።

እንደ ልጅ አንድ ሙሉ ዙር ዞርኩ። በሄድኩበት ሁሉ በቀኜ ነው። ተርኪ ሰውን እንዲህ አይዞርም። ሳይታይ፣ ቅጠል ሳይረግጥ…

ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ሃምሳውን በዚህ ጫካ ነው ያሳለፍኩት። ፈርቼ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ፈራሁ። አበቦቹ ጋ ላለመድረስ በገደሉ በኩል እየቧጠጥኩ ወጣሁ።

ማርች 30፣ እሁድ

ዝናብ። ከአንገቴ ሁለት መዥገር ነቀልኩ።

ኤፕሪል 1፣ ማክሰኞ

ዛሬ አመሻሽ ላይ ሄድኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ዛፍ ላይ ሲወጡ የክንፋቸው ድምፅ ያጋልጣቸዋል። ሰባራው ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ምንም።

ገና አፌን ሳልከፍት ጉጉት ጮኸ። ሰባቱ ድምፅ ደህና ወጣ። ስምንተኛው ተሰበረ… መጨረሻው ላይ እንደ ሳል ነገር።

የኤልዉድ ጉሮሮ የጣውላ መሰንጠቂያ አቧራ የበላው ነበር። ስምንተኛው ላይ ሁልጊዜ ይሰበርበታል። "እንዲህ የሚያስል ጉጉት ካለ ሐኪም ቤት ውሰዱት" እያልኩ ስቀልድበት ኖሬአለሁ። ያም ሆኖ ተርኪዎቹ ይመልሱለት ነበር።

ጫካ ውስጥ ስንለያይ ሕጋችን አንድ ነው። በተርኪ ድምፅ መጠራራት ፈጽሞ የለም፤ ተርኪ መስሎ የጮኸ ሰው በራሱ ላይ ጥይት ይጠራል። የምንፈላለገው በጉጉት ነው። ጉጉት ማለት "እኔ ነኝ፣ እዚህ ነኝ" ማለት ነው።

አልመለስኩለትም።

ኤፕሪል 3፣ ሐሙስ

ዛሬም አመሻሽ ላይ ሄድኩ። እግሬን ምን እንደጎተተው እንጃ።

ፀሐይ እንደገባች ጮኸ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከማክሰኞው በጣም ቀርቦ፣ ትከሻዬ ላይ ያለ ያህል። ስምንተኛው ተሰበረ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ግንድና ጥላ ብቻ።

በሩ ጋ እስክደርስ አልቆምኩም። ጉልበቴ አብጧል። ከእኔ ፒክአፕ በቀር መኪና አልነበረም። ሰው ከሆነ በምን መጣ?

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

ሆይት ገና ከበር ሲያየኝ ጀመረ።

"እህ ሽማግሌው፣ ስንት አገኘህ?"

"እያየሁ ነው።"

"እያየህ? ትናንት መንገድ ዳር ቆሜ ነጫጮቹ ዛፎች ላይ ሦስት አውራ ሰማሁ። እኔ! ተርኪን ከመኪና ጥሩምባ የማልለየው ሰውዬ።"

"ከጭስ ማውጫው በኩል ነው የሰማኸው።"

"ዴል፣ ግራና ቀኜን አውቃለሁ እኮ። ኤልዉድ ቢኖር ይሄኔ…" አለና አቋረጠው። ቁርሴን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ማታ አርዲት ደወለች። ስልኩ ተበላሽቷል፤ በግራ እጄ ስይዘው ድምፅ የለውም፣ በቀኝ ሲሆን ይነሳል። "ወፎቹ አሉ?" አለችኝ። "አሉ፣ የት እንደሆኑም አውቃለሁ" አልኳት። ዋሸኋት። ለወንድሜ ሚስት ዋሸሁ።

ኤፕሪል 6፣ እሁድ

እንደገና። አመሻሽ ላይ፣ ራቅ ብሎ። ተሰበረ።

የዛሬውን ቁጭ ብዬ ማሳለፍ አልቻልኩም። ተነስቼ "ኤል፣ አንተ ነህ?" አልኩ። በሰው አፍ፣ ጮክ ብዬ። ቆይቶ ቅጠል ሲረገጥ ሰማሁ… ቶሎ ቶሎ፣ እየራቀ።

ለማን ይነገራል ይሄ? ሆይት ቢሰማ ለዓመት መሳቂያ ያደርገኛል። አርዲትስ? ባልሽ ጫካ ውስጥ ነው ልበላት?

ኤፕሪል 9፣ ረቡዕ

አልሄድኩም።

ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ

እንደሆነው ልጻፈው።

አርዲት ቦታውን ማየት እፈልጋለሁ አለች። የኤልዉድን ጥቁር ቡናማ ዝንጉርጉር የአደን ጃኬት ለብሳ መጣች፤ እጅጌው ስለረዘመባት ጠቅልላዋለች። ጠመንጃ አልያዝንም፣ ወቅቱ ገና ነው። እኔ ዱላዬን ብቻ።

ሰባራው ዛፍ ሥር አስቀመጥኳት። "ከዚህ እንዳትነቃነቂ፣ ኩስ አይቼ መጣሁ" ብያት በሸንተረሩ ወደፊት ሄድኩ። መቶ እርምጃ ያህል። ያኔ የሴት ተርኪ ድምፅ ሰማሁ። በቀኝ። ንጹሕ፣ የሚያባብል። በዚህ ወቅት ሴቷ ባለችበት አውራው አይጠፋም። አርዲትን ከኋላዬ ነው የተውኳት፤ ስለዚህ እሷ ልትሆን አትችልም። እንዲህ ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ብዬ በትክክል አሰብኩ።

ወደ ቀኝ ተከተልኩት። ሲጮህ አሁንም በቀኝ ነው። ተከተልኩ። ጎንበስ ብዬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ… የት እንደደረስኩ አላውቅም። ልቤ ግን ደስ ብሎታል፤ በመጨረሻ አገኘሁት።

በቁጥቋጦው መሃል ጥቁር ቡናማ ነገር ተነቃነቀ። ከሱ በላይ ቀይ። የአውራ ራስ። ዱላዬን ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩ። በሃምሳ ዓመት ልምድ አነጣጠርኩ፤ አንገቱ ከሚጀምርበት ላይ። "ቷ" አልኩ በሹክሹክታ።

ቀዩ ወደ ላይ ወጣና አፍንጫ አከከ።

"ዴል? አንተ ነህ?"

አርዲት ነበረች። ሰባራው ዛፍ ሥር፣ ባስቀመጥኳት ቦታ። ክብ ዞሬ ከኋላዋ መጥቼ ነው። ቀዩ የጃኬቱ ገበር ነው፤ ኤልዉድ እጀ ረጅም ስለነበር እጅጌውን ጠቅልሎት አያውቅም፣ ገበሩ ቀይ መሆኑንም ከእኛ ማንም አላየውም። እጇ ላይ ክዳኗ ሲፋተግ እንደ ሴት ተርኪ የምትጮኸው የመጥሪያ ሳጥን አለች። "እስክትመጣ ልለማመድ ብዬ ነው" አለች። ሕጋችንን አልነገርኳትም ነበር። ዱላዬን አይታ ሳቀች። "ምንድነው፣ ተኮስክብኝ?"

ፊቴን ስታይ ሳቋን አቆመች።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ቢሆን ዱላ አይደለም የምይዘው።

ኤፕሪል 13፣ እሁድ

ኩሽና ውስጥ ብቻዬን። የግድግዳው ሰዓት ይሰማኛል። ምን እንደታየኝ እንጃ፣ ቀኝ ጆሮዬን በጣቴ ደፈንኩት።

ሰዓቱ ቆመ። ማቀዝቀዣው ቆመ። ውጭ የጎረቤት ውሻ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ድምፅ የለም። ጣቴን ሳነሳ ሁሉም ጀመረ። ግራውን ደፈንኩ። ምንም አልተለወጠም።

ግራ ጆሮዬ የለም። እሱ ነው ነገሩ። ዓለም በሙሉ በአንድ በኩል ነው የሚገባኝ። ሸለቆው ውስጥ ምንም አልነበረም። ማንም አልዞረኝም… እኔው ነኝ የዞርኩት።

አርዲት ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ውሸቴንም። ጉጉቱንም። ሰሃን እያጠበች ነበር፣ እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ።

"ማክሰኞ ነው የሰማኸው?"

"ማክሰኞ።"

"ያለፈው እሁድስ?"

"እሁድም።"

"እኔ ነኝ ዴል።"

በቤተ ክርስቲያኑ በኩል በእግሯ ነው ጫካው የገባችው። "ቤት ውስጥ ብጮህ ጎረቤት አበደች ይለኛል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከኩሽና በር ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ የቱ ጋ እንደሚሰበር ከራሱ የበለጠ አውቃለሁ። ሰው ያለ አልመሰለኝም። 'ኤል አንተ ነህ' የሚል ድምፅ ስሰማ ልቤ ሊቆም ነበር፤ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ።" እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ቀረና እንባው ብቻ ቀጠለ።

ቤት ገብቼ ይሄን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። ማክሰኞ አለ። እሁድ አለ። ሐሙስም አለ፤ በገዛ እጄ የጻፍኩት። ደወልኩላት።

"ሐሙስስ? ኤፕሪል ሦስት?"

"ሐሙስማ የቤተ ክርስቲያን እራት ነበር። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ድንች ስልጥ አመሸሁ። ምነው?"

"ምንም" አልኳት።

ኤፕሪል 16፣ ረቡዕ

ከተማ ወርጄ የጆሮ ሐኪም አየሁ። ወጣት ናት፣ ፈገግታ አታበዛም።

"በቀኝ እጅዎ ነው የሚተኩሱት? የጣውላ መሰንጠቂያም ሠርተዋል?"

"ሁለቱንም።"

"ግራው ለአፈሙዙ ስለሚቀርብ ድሮም ደክሞ ነበር። የክረምቱ ጉንፋን ነርቩን ጨርሶታል። ያን ሳምንት ቢመጡ መድኃኒት እንሞክር ነበር… አሁን አይመለስም። በአንድ ጆሮ የድምፅ አቅጣጫ መለየት አይቻልም። ሁሉም ነገር ከሚሰማዎት ጆሮ በኩል የመጣ ይመስልዎታል።"

"ጠመንጃ ልያዝ?"

"እርስዎ ምን ይመስልዎታል?"

ፒክአፑ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሽማግሌ ሰውዬ፣ በሐኪም ቤት በር። በጆሮ የማገኝ እኔ ነኝ ብዬ ጽፌአለሁ እዚህ ደብተር ላይ። አሁን ማን ነኝ?

ኤፕሪል 17፣ ሐሙስ

ጠመንጃዬን ቆልፌ ቁልፉን ለአርዲት ሰጠኋት። ሆይት ይውሰድሽ አልኳት።

"ሆይት? እሱ ጫካ ሲገባ ዛፎቹ ራሳቸው ይሸሻሉ። ኤል ለአንተ ነው አደራ የሰጠኝ።"

"አልሰማም አርዲት።"

"እኔ እሰማለሁ። አንተ የምሰማው ምን እንደሆነ ትነግረኛለህ።"

ምልክት አወጣች። በግራዬ ትቀመጣለች። ግራ ጉልበቴን ከመታችኝ ድምፁ በግራ ነው፤ ቀኙን ከመታችኝ በቀኝ። አንዴ ከሆነ ሩቅ። ሁለቴ ከሆነ ቀርቧል። እጇን ጭና ከያዘችው፣ እዚህ ነው፣ እንዳትነቃነቅ።

ኤፕሪል 19፣ ቅዳሜ

ሰባራው ዛፍ፣ ከንጋት በፊት። ጮህኩ። አውራው መለሰ፤ ለእኔ በቀኝ። እጇ ግራ ጉልበቴ ላይ አረፈ። አንዴ።

ጆሮዬን ትቼ እጇን አመንኩ። ከባድ ነው… ሰውነቴ በሙሉ ወደ ቀኝ ይስበኛል።

ወፎቹ ወርደው ከራቁ በኋላ ወደ ጅረቱ ወረድን። ነጫጮቹ ዛፎች ሥር መሬቱ ላባ ነው። እንደ መንጠቆ የታጠፈ የአውራ ኩስ። አቧራው ላይ ክንፉን እየጎተተ የተንጎራደደበት መስመር። ሦስት አውራ፣ ምናልባት አራት። እዚያው ነበሩ። አንድ ቀን እንኳ ቦታ አልቀየሩም።

ተደግፋ ቁጭ የምትልበትን ዛፍ መረጥኩላት፤ ግንዱ ከሁለታችን ትከሻ የሚሰፋ።

ኤፕሪል 20፣ እሁድ

ፋሲካ። አርዲት ቤት የአሳማ ታፋ በላሁ። የጃኬቱን እጅጌ ቆርጣ ሰፍታዋለች። ቀይ የሚባል ነገር አይታይም፤ ሁለቴ አገላብጬ አየሁት።

ኤፕሪል 21፣ ሰኞ

በሩ ጋ ቀድመን ደረስን። ከኋላችን የመጣ ፒክአፕ መብራቱን ዝቅ አድርጎ ዞሮ ሄደ። ጨዋ ሰው።

ዛፉን ተደግፈን ተቀመጥን። እሷ በግራዬ፣ የኤልዉድ ጠመንጃ ጉልበቷ ላይ። እኔ ባዶ እጄን። በሃምሳ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው፤ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ።

ነጋ። አንድ ጊዜ ብቻ በሳጥኗ ጠራሁ፣ በጣም ቀስ ብዬ። ግራ ጉልበቴ፣ አንዴ። ብዙ ቆየ። ጉንዳን እጅጌዬ ውስጥ ገባ፣ ዝም አልኩት። ግራ ጉልበቴ፣ ሁለቴ። ከዚያ እጇ ጭኖ ያዘኝ። ትንፋሽ የሚያህል ነገር እንኳ አልሰማሁም፤ ዓይኔን ብቻ ወደ ግራ አንከባለልኩ። ከጅረቱ በኩል ወጣ። ጅራቱን ዘርግቶ፣ ራሱ ሰማያዊና ቀይ፣ ከደረቱ የተንጠለጠለው ጢሙ መሬት ሊነካ። እጇ ከጉልበቴ ላይ ተነሳ። አውራ መሆኑን ከጢሙ አየሁ፣ ከኋላው ሰው አለመኖሩን አየሁ፣ አሁንም አየሁ። "አሁን" አልኳት።

አንድ ተኩስ።

ወፉ አጠገብ ተንበርክካ ክንፉን በመዳፏ ለረጅም ጊዜ ዳበሰችው። የአደን ፈቃዱን ወረቀት እግሩ ላይ አሰረች። "ኤል ባየ" አለች። አደራዬን ተወጣሁ፣ ወንድሜ። ደስ ብሎኛል፤ ሌላ ሰው ቢተኩሰው እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ዛፉ ሥር ተመልሰን አረፍን። እሷ በግራዬ። "ልንገረው" አለችና እጆቿን አፏ ዙሪያ አድርጋ እንደ ጉጉት ጮኸች። ሰባቱ ደህና። ስምንተኛውን ሰበረችው፣ ልክ እሱ እንደሚሰብረው።

ጠበቅን። ቀኝ ጆሮዬ ከተኩሱ በኋላ ገና ይጮሃል፤ ከዚያ ጩኸት ሌላ ምንም አልሰማም። ፊቷን ለማየት ልዞር ስል እጇ ግራ ጉልበቴ ላይ አረፈ።

አንዴ።

ሸንተረሩን አየሁ። ቅጠል አይነቃነቅም። አርዲት ወደ እኔ አልዞረችም፣ ፊት ለፊቷን ነው የምታየው።

ሁለቴ።

ምንድነው ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅኳትም። እጇን ጉልበቴ ላይ ጭና ያዘችኝ፣ ጥብቅ አድርጋ፣ አላነሳችውም። እኔም አልተነቃነቅኩም።